ርካሹ ሱቅና ትልቁ ሱቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ዘይት፥ ስለ ሽንኩርትና ስለ ጤፍ ለመናገር ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ለዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ይህ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እኛ ከጉለሌ የምንመጣ ተማሪዎች ወላጆቻችን ለትምህርታችን የሚሰጡን ገንዘብ ከአስቤዛ የተረፈው ነው። አስቤዛው በርካሽ ሲገዛ ደብተር ይገዛል፤ በውድ ሲገዛ ደብተሩ ይቀራል።

በጉለሌ አንድ ቤተሰብ የሚሸምትባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አንደኛው ዕቃው በመደርደሪያ ተሰልፎ ዋጋው የተለጠፈበት ሱፐርማርኬት ነው። ሁለተኛው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ሲሆን፥ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የእሁድ ገበያም ከዚሁ ወገን የሚቈጠር ነው። ሦስተኛው የሰፈሩ ባለሱቅ፥ እንዲሁም በአዲሱ ገበያና በሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ሽንኩርቷን በመደብ የምትሸጠው የጉሊት እናት ናት።

የዛሬው ዋጋ ነገ ስለሚለወጥ ቍጥሩን ለገበያተኛው እንተወውና ምክንያቱን እንመርምር። በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ የአልብሬኽት ወንድማማቾች ከእናታቸው ትንሽ ሱቅ ተነሥተው «አልዲ» የተባለውን ርካሽ መደብር አቋቋሙ። ዘዴያቸው ምሥጢር አልነበረም። የዕቃውን ዓይነት አሳነሱ፤ ሸቀጡን ከነካርቶኑ አቀረቡ፤ በጥቂት ሠራተኛ ሠሩ፤ ለጌጥ ገንዘብ አላወጡም። ስለዚህ በሱፐርማርኬት የምንከፍለው የዘይቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመስታወቱን፥ የመብራቱንና የምርጫውንም ዋጋ ነው። ይህን ስንል ግን ሱፐርማርኬቱን ለመንቀፍ አይደለም። ሚዛኑ የታወቀ፥ ዋጋው የተጻፈ፥ ዕቃው የሚያበቃበት ቀን የሚታይ በመሆኑ ሸማቹ ሳይከራከርና ሳይሰለፍ ገዝቶ ይሄዳል። ይህም የሚናቅ ጥቅም አይደለም።

እንግዲህ «ሁሉም ከማኅበሩ ሱቅ ይግዛ» ብለን ንግግራችንን እንዳንዘጋ የሚከለክለን ነገር አለ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት እናት የዛሬውን ሸክም ሸጣ የዛሬውን እራት ትገዛለች። አንድ መቶ ኪሎ ጤፍ በኩንታል ቢረክስ ለእርሷ ምን ይረባታል? አምስት ሊትር ዘይት በቅናሽ ቢቀርብስ የአምስቱን ሊትር ዋጋ በአንድ ቀን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ከባለሱቁ በጥቂት በጥቂቱ ትገዛለች፤ ሲቸግራት በዱቤ ደብተሩ ላይ ያስጽፋል። በሊትር ሲታሰብ ከሁሉ አብልጣ የምትከፍለው እርሷ ናት። ርካሹ ሱቅ ቅናሹን በቅድሚያ የሚሰጠው ገንዘብና ጊዜ ላለው ሰው ነው ማለት ነው።

ስለ ጊዜም የራሳችንን እንናገር። ከመካከላችን የአንዱ እናት ዘይት መጣ ሲባል ሳይነጋ ወጥተው ተሰለፉ። እስከ እኩለ ቀን ከቆሙ በኋላ «አልቋል» ተባሉ። ማታ ግን ከዚያው ሱቅ በጓሮ በር ጀሪካን ሲጫን የሰፈር ሰው አየ። የማኅበሩን ስም አንጠራም፤ ለመክሰስ አልመጣንምና። የሚያሳፍረን ሌላ ነው። እኒያ እናት የማኅበሩ አባል ሲሆኑ፥ በጠቅላላ ጉባኤው እርሳቸውም ሆኑ የተማሩት ልጆቻቸው አንድ ቀን ተገኝተው አያውቁም። ባለቤት ያልጠበቀውን ሱቅ ማን ይጠብቀው?

ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ፥ ሸማኔዎች የነበሩባቸው 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ቅቤ፥ ስኳር፥ ዱቄት፥ አጃና ሻማ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ደንባቸው ሚዛን እንዳይጓደል፥ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው፥ ትርፉም ለአባሎች እንደ ግዢያቸው መጠን እንዲከፋፈል ነበር። በእኛም አገር ከ1967ቱ የከተማ ቦታ አዋጅ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቁመው የቀበሌ ሱቅ ተከፈተ፤ ስኳሩና ሳሙናው በኮታ ታደለ። ወላጆቻችን ዛሬም የሚያስታውሱት ሰልፉን ነው። በሮችዴል ሸማቹ የሱቁ ጌታ ነበር፤ በቀበሌው ሱቅ ግን ሸማቹ ተራ ጠባቂ ሆነ። የሁለቱ ልዩነት ከዚህ ላይ ነው። ጉለሌም የሸማኔ ሰፈር ነው፤ የሮችዴል ሸማኔ የቻለውን የጉለሌ ሸማኔ የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ እያንዳንዳችን የቤተሰባችንን የአባልነት ደብተር ፈልገን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንገኝ፤ ምን ያህል ዘይት ገባ፥ ለማን ተሸጠ ብለን በጨዋ ደንብ እንጠይቅ። ሒሳብ የሚማሩ ጓደኞቻችን በዚህ ሊረዱን ይችላሉ። ሁለተኛ፥ ሱቆቹ ዘይትንና ጤፍን በትንሽ መጠንም በዚያው በቅናሹ ዋጋ እንዲሸጡ እናመልክት። ሦስተኛ፥ ሁለት ሁለት ሆነን በየሳምንቱ ቅዳሜ የሦስቱን ቦታዎች ዋጋ ጽፈን በማኅበራችን ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ፤ እናቶቻችን ከመሰለፋቸው በፊት ዋጋውን ይወቁ።

ይህ ትንሽ ሥራ ነው፤ ማንንም አያስመሰግንም። ነገር ግን ስለ አገር ዕድገት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ የተናገርን ሰዎች የእናታችንን ሰልፍ አንድ ሰዓት እንኳ ማሳጠር ካቃተን፥ ንግግራችንን ማን ያምነዋል? የጉባኤው ቀን ሲነገር እንገናኝ።