የምንሸሸውና የማንሸሸው በሽታ
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጤና እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ፣ ሐኪም ሳልሆን መምህር ነኝና ምን ልናገር እችላለሁ ብዬ አመንትቼ ነበር። ኋላ ነገሩን ሳመዛዝነው ግን መምህር ለበሽታ ከሐኪም ይልቅ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪም በሽተኛን የሚያየው ታማሚው ሲመጣለት ነው፤ መምህር ግን የልጆችን ዐይንና እግር በየማለዳው ያያል።

በሽታ በጠቅላላው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ተላላፊ ነው፤ ይኸውም ረቂቃን ተሕዋስያን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲጋቡ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የማይተላለፈው ነው፤ ይኸውም ከአኗኗር፣ ከምግብ ወይም ከምንረግጠው መሬት የሚመጣ ሆኖ ከታማሚው ወደ ጤነኛው የማይሻገር ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፈን እናስተምራለን፤ ተማሪዎቻችንም በፈተና አሳምረው ይመልሱታል። በኑሯችን ግን ብዙ ጊዜ ገልብጠን እንይዘዋለን። እኔም ራሴ እንዲሁ አድርጌአለሁ።

በመጀመሪያው የማስተማር ዘመኔ፣ በአንድ የደጋ ቀበሌ፣ አንድ እግሩ ያበጠ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በክፍሌ ነበረ። ጓደኞቹ ይጋባብናል ብለው ከእርሱ ጋር ለመቀመጥ እምቢ አሉ። እኔም ጸጥታ ለማስከበር ስል ልጁን በበሩ አጠገብ ለብቻው አስቀመጥሁት። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቀረ፤ አልተመለሰም። በዚያው ክፍል በፊተኛው ረድፍ ዐይናቸው የቀላ፣ ዝንብ የሰፈረባቸው ሕፃናት ፊታቸውን በአንድ ነጠላ ጫፍ እየተቀባበሉ ይጠርጉ ነበር። ስለ እነርሱ ግን አንዳች አላሰብሁም።

የልጁ ሕመም ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። በቆላ በትንኝ ንክሻ ከሚገባ ትል የሚመጣ ሌላ የእግር እብጠት አለ፤ ይህኛው ግን ትልም ተሕዋስም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ብዙ ዘመን በባዶ እግር ሲረገጥ፣ በአፈሩ ያለው ረቂቅ ማዕድን በቆዳ አልፎ ይገባል፤ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውንም የእግር ሥሮች እያስቆጣ ይዘጋቸዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ይህን በኢትዮጵያ መርምሮ አስረድቷል። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ቢታመም እርግማን አይደለም፤ በዘር የሚወርደው በአፈሩ በቀላሉ የመጎዳት ጠባይ ነው። እንዲህ ያለ ትውልድ ያለው ሰውም ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ሊድን ይችላል። የታመመውም ዕለት ዕለት እግሩን አጥቦና አድርቆ ቅባት ቢቀባ፣ ሲያርፍ እግሩን ከፍ ቢያደርግ፣ ካልሲና ጫማ ቢያዘወትር እብጠቱ ይቀንስለታል።

የእነዚያ ሕፃናት ዐይን ግን ትራኮማ ነበረ። ይህ ተላላፊ ነው፤ ተሕዋሱ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይሻገራል። በልጅነት እምብዛም ስለማያስጨንቅ ይናቃል፤ ደጋግሞ ሲመጣ ግን የዐይን ቆብን በውስጥ ያጠባስሰዋል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ሕፃናትን የሚያቅፉ እናቶች ከወንዶች ይልቅ የሚጎዱትም ስለዚህ ነው። መከላከያው አራት ነው፤ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማቅናት፣ እንደ አዚትሮማይሲን ያለውን መድኃኒት መውሰድ፣ ፊትን መታጠብ፣ ዝንብ የሚራባበትንም ሜዳ ላይ የሚጣል ዐይነ ምድር በመጸዳጃ ጉድጓድ ማስቀረት።

እንግዲህ የማይጋባውን ሸሸሁ፤ የሚጋባውን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ይህንንም ያወቅሁት ወደ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተዛውሬ አንድ የጤና መኮንን ሲያስተምር በሰማሁ ጊዜ ነው፤ ለልጁ ግን ዘግይቶ ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን በበሽተኛው ላይ የምንፈርድ እኛ ከሆንን፣ ባይሸሽግ ምን ያድርግ?

ውድ ባልደረቦቼ፤ ወደየትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ በደጃፉ አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና አኑሩ። ዐይኑ የቀላውን ሕፃን ሳታሳፍሩ ፊቱን አስታጥባችሁ ወደ ጤና ኬላ ላኩት። እግሩ ያበጠውን ተማሪ ግን በበሩ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ከጓደኞቹ መካከል አስቀምጡት፤ እናንተም አጠገቡ ቁሙ። ልጆች ከቃላችን ይልቅ የቆምንበትን ስፍራ ይመለከታሉና።