የተያዘ ሰው ለማን ይሰጥ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር አንድ የቀን ሠራተኛ ከሥራ አምሽቶ ሲመለስ «ሌባ ነው» ተብሎ በሰፈራችን መደብደቡን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ኋላ ሲጣራ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የወለቀው ጥርስ ግን አይመለስም። በዚህ ምክንያት የከተማችን ጥበቃ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ባጭሩ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

ዱሮ ፖሊስ የሚባል አልነበረም። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ያገሩ ሰው በሙሉ ተጠርቶ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ከሁሉ የከፋው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጢስ ይታጠናል፣ ራሱን ስቶ ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ! ስንቱ ንጹሕ ሰው ያልበላውን ዕዳ ከፈለ።

አዲስ አበባ ስትሰፋና የማይተዋወቅ ሰው ሲበዛባት ይህ አላዋጣም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያና አካባቢውን የሚጠብቅ የአራዳ ዘበኛ ቆመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ፖሊስ በሕግ ተቋቋመ፤ ቀጥሎም መኮንኖች የሚሠለጥኑበት የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ ደግሞ ነዋሪው ራሱ በየሰፈሩ ተራ ገብቶ ሮንድ ይወጣ ነበር። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተለፋው ለምንድነው? የሚይዘው ሌላ፣ የሚፈርደው ሌላ እንዲሆን ነው እኮ። በዱላ የሚፈርድ ሰፈር ወደ ሌባሻይ ተመለሰ ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ የሚከተለውን ያሳስባል፦

1ኛ/ የሰፈራችን ዘበኞች አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ ፊሽካ ይንፉ፣ ጎረቤት ይቀስቅሱ።
2ኛ/ የተያዘ ሰው ሳይመታ፣ ሳይሰደብ፣ ወዲያውኑ ለፖሊስ ይሰጥ።
3ኛ/ ያየ ሰው ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይስጥ። ምስክር ካልቀረበ እውነተኛው ሌባም ያመልጣል።
4ኛ/ የዘበኞች ደመወዝ እንዳይጓደል ወርኃዊ መዋጮ በጊዜው ይከፈል።

ለተጎዳው ወንድማችን ማሳከሚያ የሚሆን መዋጮም ዛሬ እዚሁ ይሰበሰባል። የቻልነውን እናድርግ።



የማኅበሩ ጸሐፊ