ላሞች የበሉት ትዕይንት



ጋይንት ያለውን የቤተ ልሔምን ደብር ስም ያልሰማ የቆሎ ተማሪ አይገኝም። ድጓ የቀጸለ ሁሉ፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ ማስመስከር ሲያምረው እግሩ ወደዚያ ያቀናል። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ጉደኛ ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አድባራት ክብ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ያ ክብ አንድ ጥንታዊ፣ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አቅፎ ይዟል።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሲኒማ ነው። ድጓና ሲኒማን ምን አገናኛቸው ብላችሁ ሬዲዮናችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ።

ድጓ የተገለጠ እንደሆነ ከፊደሉ ራስ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ሰፍረው ይታያሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው ይላል ትውፊቱ። ላልተማረ ሰው ዝንብ የተራመደችበት ብራና ነው። ለመሪጌታው ግን እያንዳንዷ ጭረት ታዝዘዋለች፤ እዚህ ጋ ድምፅህን ድፋ፣ እዚህ ጋ ያዝ፣ እዚህ ጋ ቁረጥ ትለዋለች። ዜማው ብራናው ላይ የለም። ብራናው ላይ ያለው የዜማው መንገድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የዚያው የቤተ ክህነት ሰው የሆነው ደብተራ ደግሞ ሌላ የእጅ ሙያ አለው። ክታብ ይጽፋል። ብራናው በባለጉዳዩ ቁመት ልክ ይቆረጣል፣ ስሙ ከጸሎቱ መካከል ይገባል፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ጠልሰም ይሣልበታል፣ ዋጋው ይከፈላል። ሃይማኖቱን ለሊቃውንቱ እንተውና ሙያውን ብቻ ስናየው፣ ደብተራው ለደንበኛ፣ በልክ፣ በትዕዛዝ የሚሥል ሰው ነበር። ከተሜው ዛሬ የማስታወቂያ ሠዓሊ የሚለው ማለት ነው። ሥዕል በትዕዛዝ መሥራትን ዝቅ አድርጎ የማየት አባዜ ከየት እንደተጠናወተን እንጃ።

አሁን ወደ ሕንድ ልውሰዳችሁ። የማነሣቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የፊልም ዳይሬክተሩ ሳትያጂት ራይ በ1921 ካልካታ ተወለደ። አያቱም አባቱም ለልጆች የሚጽፉና የሚሥሉ፣ ማተሚያ ቤት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አባቱ የሞተው ልጁ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ነው። ራይ ሻንቲኒኬታን ገብቶ ከታላቁ ሠዓሊ ከናንዳላል ቦስ ዘንድ ሥዕል ተማረ፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። በ1943 ዲ. ጄ. ኬይመር በሚባል የእንግሊዞች የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረ። ደመወዙ በወር 80 ሩፒ። ሥራው ለሸቀጥ ማስታወቂያ መንደፍ ነበር።

ጎን ለጎን ሲግኔት ፕሬስ ለሚባል አሳታሚ የመጻሕፍት ሽፋን ይሠራል። አንድ ቀን ታዲያ የቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ ልቦለድ፣ "ፓተር ፓንቻሊ"፣ ለልጆች ባጠረ ቅጂ ሊወጣ ነውና ሥዕል ሥራለት ተባለ። ታሪኩ በአንድ የቤንጋል መንደር ስላሉ ድሆች ነው፤ አፑ የሚባል ልጅ፣ ዱርጋ የምትባል እህቱ፣ እናታቸው፣ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት አባታቸው፣ አንዲት የጎበጡ አሮጊት። ለጋይንት ልጅ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ታሪክ ነው።

እንግዲህ ለአንድ ገጽ ሥዕል የሚሠራ ሰው ምን ያደርጋል? ከሃያ ገጽ መካከል አንዷን ቅጽበት ይመርጣል። ልጁ ከበሩ በስተግራ ይቁም ወይስ በስተቀኝ? እናቲቱ ትታይ ወይስ ጥላዋ ብቻ ይውደቅ? ዝናቡ ከየት በኩል ይምጣ? እነዚህ የፊልም ዳይሬክተር ጥያቄዎች ናቸው። ራይ ለመጽሐፉ ሲሥል ሳያውቀው ፊልሙን ጀምሮት ነበር፤ ያኔ የነደፋቸው አንዳንድ ቅጽበቶች ከዓመታት በኋላ ፊልሙ ውስጥ ገብተዋል።

በ1950 ድርጅቱ ለሥራ ወደ ለንደን ላከው። በወራት ውስጥ መቶ ገደማ ፊልም አየ፤ ከነዚያ አንዱ የጣሊያኖቹ "የብስክሌት ሌቦች" ነበር። ኮከብ ተዋናይ የሌለው፣ መንገድ ላይ የተቀረጸ ፊልም! ከዚያ ወዲያ ልቡ አላረፈም።

አገሩ ሲመለስ ለባለገንዘቦች የሚያሳየው ወጉን የጠበቀ የፊልም ጽሑፍ አልነበረውም። የነበረው የሥዕል ደብተር ነው። ትዕይንቱን ሁሉ በቀለም ነድፎ፣ ገጽ በገጽ። ይኸው እንግዲህ ምልክቱ! ፊልሙ ደብተሩ ውስጥ የለም፤ የፊልሙ መንገድ ግን አለ። ከዚያም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ፊልሞቹን የነደፈው የቤንጋል ነጋዴ ሂሳቡን በሚመዘግብበት፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ደብተር ላይ ነው።

ባለገንዘቦቹ ሥዕሉን አዩ፣ አደነቁ፣ ሸኙት። እሱም የሕይወት መድን ውሉን አስይዞ ተበደረ። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ የ21 ዓመት ወጣት ነው፤ ከዚያ በፊት ፊልም ቀርጾ አያውቅም። ዳይሬክተሩም ዳይሬክተር ሆኖ አያውቅም። ሥራውን ስላልለቀቀ መቅረጽ የሚችለው በእረፍት ቀኑ ነው።

በጥቅምት 1952 የመጀመሪያውን ትዕይንት ሊቀርጹ ወጡ። ዱርጋና አፑ ባቡር የሚያዩበት ነው። ሜዳው ካሽ በሚባል፣ እንደ ጥጥ የነጣ አበባ ባለው ሣር ተሸፍኗል። ያን ቀን ጥቂት ቀረጹና የቀረውን ለሚቀጥለው ሳምንት አሉ። ሲመለሱ አበባው የለም። ላሞች ግጠውታል።

እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ አሁን ይስቃል። ላም ሲኒማ ምኗ ነው! ካሽ ደግሞ እንደ አደይ አበባ ነው፤ ወቅቱ ካለፈ ካለፈ ነው። ትዕይንቱን ለመጨረስ ዓመት ጠበቁ። እኔን ግን የሚገርመኝ የላሞቹ ነገር አይደለም። ዓመት ሙሉ ቆይቶ ያንኑ ትዕይንት ካቆመበት መቀጠል እንዴት ቻለ? ደብተሩ ላይ ስላለ ነዋ። ልጅቷ በየት በኩል እንደምትሮጥ፣ ሣሩ የት ላይ እንደሚጋርዳት ተነድፏል። ድጓውን የጻፈ ተማሪ ዜማው ቢጠፋበት ወደ ምልክቱ ይመለሳል።

ገንዘቡ አለቀ። የሚስቱ የቢጆያ ጌጣጌጥ መያዣ ተሰጠ። እሱም አልበቃም፤ ሥራው ለብዙ ወራት ቆመ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጠ። የፊልሙ ስም ስለ መንገድ የሚያወራ ነውና ወጪው በመንገድ ማሻሻያ ተመዘገበ ይባላል፤ እውነት ከሆነ በዓለም ላይ እንደዚያ ያማረ መንገድ ተሠርቶ አያውቅም። ራይ በኋላ ዘመኑን ሲያስታውስ ሦስት ተአምር ሆነልኝ ይል ነበር፤ የአፑ ድምፅ አልጎረነነም፣ ዱርጋ አላደገችም፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ የነበሩት አሮጊት ተዋናይት ቹኒባላ ዴቪም አልሞቱም።

ፊልሙ በ1955 ወጣ፤ በ1956 ካን ላይ ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያውን ተወው እንጂ እርሳሱን አልጣለም። የፊልሞቹን ፖስተር ይሠራል፣ አልባሳቱን ይነድፋል፣ ከ1961 ጀምሮ ሙዚቃቸውንም ራሱ ይደርስ ነበር። አያቱ የመሠረቱትን የልጆች መጽሔት አስነሥቶ ይሥልበት፣ ይጽፍበት ጀመር። የላቲን ፊደል ቅርጽ ሳይቀር ነድፏል። በ1992፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የክብር ኦስካር ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ተቀበለ። ሰዎች ሠዓሊ ነበር፣ ዳይሬክተር ሆነ ይላሉ። እኔ "ነበር" የምትለዋ አትዋጥልኝም።

ከእኛስ? ዕዝራ ውቤ ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ሥዕል የተማረ ነው። "ሂሳብ" የምትል አጭር ፊልም አለችው። አንዲት ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፤ በዚያው ሥዕል ላይ ደርቦ ይሥላል፣ እንደገና ያነሣል። ሥዕሉ እየተሸፈነ ፊልሙ ይወለዳል። ታሪኳን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ውሻ፣ ፍየልና አህያ ታክሲ ተሳፈሩ። ፍየል ሳትከፍል ወረደች፤ ይኸው መኪና ባየች ቁጥር ትሸሻለች። ውሻ መልሱን አልተቀበለም፤ ይኸው ታክሲ ባለፈ ቁጥር እየጮኸ ይከተላል። አህያ ግን ሂሳቡን በልኩ ከፍሏል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢያንባርቅ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ቢሳደብ፣ አስፋልቱ መሃል ተገትሮ ጆሮውን ያወዛውዛል።