የባሕር ዛፍ ዘይት፦ መጠኑና ይዘቱ አብረው ይለኩ



ባሕር ዛፍ በአገራችን ስሙ የሚነሣው በምሰሶው፣ በማገሩና በማገዶው ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ግድም በአዲስ አበባ ዙሪያ መተከል የጀመረውም ከተማዋ እንጨት ስላጠራት ነበር። ቅጠሉ ግን ግንዱን ተከትሎ የሚመጣ ትርፍ ነገር ተደርጎ እስከ ዛሬ ኖሯል። ዛሬ የምናገረው በዚያ ቅጠል ውስጥ ስላለው መዓዛማ ዘይት ነው። ከአንድ ኩንታል ቅጠል ይህን ያህል ዘይት ወጣ ቢባል፣ ዘይቱ ምን እንደያዘ አብሮ ካልተለካ ቁጥሩ ብቻውን የትም አያደርሰንም።

ሳሳ ያለ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ብታዩ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩአችኋል። እነዚህ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉን በእጃችን ስናሸው ሽታው የሚያውደን ከረጢቶቹ ስለሚፈነዱ ነው። ምጣድ ሥር ሲማገድም እየተንጣጣ ቦግ የሚለው ይኸው ዘይት ስለሚነድ ነው።

ዘይቱ ግን ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው የደጋው ዛፍ ዘይት ዋና አካሉ ሲኒዮል ነው፤ ዩካሊፕቶልም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ሲሆን፣ አልፋ-ፓይኒን፣ ሊሞኒንና ግሎቡሎል በአነስተኛ መጠን አብረውት ይገኛሉ። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ስንታጠን አፍንጫችንን ከፈት የሚያደርግልን ሲኒዮል ነው። የቀይ ባሕር ዛፍ ዘይት በዘሩ ምንጭ ይወሰናል፤ በአንዱ ሲኒዮል ሲበዛ በሌላው ያንሳል። የሎሚ ሽታ ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ሌላ ነው፤ የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ሲትሮኔላል ነው። ለሽቶና ለሳሙና ይፈለጋል፤ ለትንኝ መከላከያ ቅባትም ጥሬ ዕቃ ይሆናል። የአውሮፓ የመድኃኒት መመዘኛ ከባሕር ዛፍ ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል ይጠይቃል። ስለዚህ የሎሚ ሽታ ያለውን ዘይት በርሜል ሙሉ ቢያቀርቡለት የመድኃኒት ፋብሪካ አይገዛም፤ የሽቶ ፋብሪካ ግን ሊሻማበት ይችላል።

ወደ መጠኑ እንለፍ። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል 1 ኪሎ ዘይት ወጣ እንበል። ምጣኔው 1 በመቶ ነው። ከቅጠሉ ክብደት ግማሹ ውኃ ከሆነ፣ ያው 1 ኪሎ ዘይት በደረቅ ክብደት ሲሰላ 2 በመቶ ይሆናል። በዘይቱ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትጨመር ቁጥሩ እጥፍ ሆነ! ሁለት አምራቾች አንዱ በእርጥብ፣ ሌላው በደረቅ አስልተው ቢከራከሩ መግባባት አይችሉም። የነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ቅጠል ከ1 እስከ 2 በመቶ ግድም ቢሰጥ ደህና የሚባል ምርት ነው። ይህንንም የቅጠሉ ዕድሜ፣ ወቅቱና ከታጨደ በኋላ የተያዘበት ሁኔታ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሰነበተ ቅጠል ዘይቱን ለአየር ይሰጣል፤ የሚደርቅ ከሆነ በጥላ ይድረቅ።

የአወጣጡ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አረቄ የሚያወጡ እናቶች መሠረቱን ያውቁታል። እንፋሎት በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል፤ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ዘይቱም ከውኃው ስለሚቀልል ከላይ ይንሳፈፋል። ሲኒዮል ብቻውን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከእንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ከ100 ዲግሪ በታች ይወጣል። ቀላሎቹ ንጥረ ነገሮች ቀድመው፣ ከባዶቹ ዘግይተው ስለሚወጡ እሳቱ የሚጠፋበት ሰዓት መጠኑን ብቻ ሳይሆን ይዘቱንም ይወስናል። ጆሴፍ ቦሲስቶ በ1852 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ይህን ሥራ ለንግድ ሲጀምር የተጠቀመበት መሠረታዊ ብልሃት ዛሬም አልተለወጠም።

ክቡራን ሆይ፣ እኛ ዛፉ አለን፤ ምሰሶ በተቆረጠ ቁጥር ቅጠሉ መሬት ላይ ይከመራል። ዘይቱ የወጣለት ቅጠል ደርቆ ይማገዳልና፣ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች እንጀራ በዚህ ሥራ ሊነካ አይገባም፤ ይልቁንም የሥራው ባለድርሻ ይሁኑ። ቅጠሉ ሁሉ ከተጋዘ መሬቱ ስለሚራቆት ከፊሉ ለአፈሩ ይቅር። ዘይቱ ሲዋጥ መርዝ ነው፤ ለሕፃን ጥቂት ጠብታም አደገኛ ስለሆነ ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

አምራቾችን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየጀሪካኑ ላይ የዛፉን ዓይነት፣ ቅጠሉ የታጨደበትን ወር፣ ክብደቱ በእርጥብ ወይም በደረቅ መለካቱን፣ ዘይቱ የወጣበትን የሰዓት ርዝመትና የሲኒዮሉን መጠን ጻፉ። ላቦራቶሪ ያላችሁ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማዕከላት ደግሞ የገበሬውን ናሙና ተቀብላችሁ መርምሩለት። ይዘቱን የማያውቅ ሻጭ ዋጋውን ገዢ ይተምንለታል፤ ይዘቱን ያወቀ ግን በራሱ ዋጋ ይደራደራል።