ጢሱ ከወዴት ነው?
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ባለሁለት ወንበር የስፖርት አውቶሞቢል አለዎት እንበል። ረዥም ዳገት ወጥተው፣ ሞተሩም በሚገባ ከጋለ በኋላ፣ በትራፊክ መብራት ፊት ቆመዋል። በዚህ ጊዜ ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጢስ ብቅ ይላል። መኪናውን ዳር አስይዘው ኮፈኑን ሲከፍቱ ጢሱ የለም፤ የሚንጠባጠብም ነገር አይታይም። በማግስቱ ያው ነገር ይደገማል። ወደ መካኒክ ሲወስዱት ሞተሩ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል፤ መካኒኩም «ምንም አልሆነም» ብሎ ይመልስዎታል። እርስዎም ነገሩን ይረሱታል። የዛሬው ንግግራችን የሚመለከተው ይህንኑ መርሳት ነው፤ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለምና።

በመጀመሪያ ጢሱ መኪናው ሲቆም ብቻ ለምን እንደሚታይ እንመልከት። መኪናው በሚሮጥበት ጊዜ ነፋሱ በሞተሩ ዙሪያ እየገባ ጢሱን ጠርጎ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሲቆም ግን ነፋሱ ይቀራል፤ ጢሱም ተጠራቅሞ ባገኘው ክፍተት ይወጣል። ስለዚህ ጢሱ የታየበት ሰዓት የተፈጠረበት ሰዓት እንዳልሆነ፣ የወጣበትም ቀዳዳ የተነሣበት ሥፍራ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ቀለሙንና ሽታውን መለየት ነው። ነጭ ሆኖ ወዲያው የሚጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታም ያለው ከሆነ ከራዲያተሩ ወይም ከቱቦዎቹ ያመለጠ ውሃ የሚተንበት ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ዓይንን የሚቆጠቁጥና በአየር ላይ የሚቆይ ከሆነ የሞተር ዘይት በጋለ ብረት ላይ እየተቃጠለ ነው። ላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተውን የመሰለ እንደ ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦን መጠርጠር ይገባል። ከሁሉም የከፋው ግን የቤንዚን ሽታ ነው። ቤንዚን ከሸተተ ምርመራ ሳይሆን ሞተሩን ማጥፋት ይቀድማል፤ ፍሳሹ ተገኝቶ ሳይጠገንም እንደገና ማስነሣት አይገባም።

ለምሳሌ ያህል ኤም ጂ ቢ የተባለውን የእንግሊዝ የስፖርት አውቶሞቢል እንውሰድ። ይህ መኪና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ዓ.ም. አቢንግደን በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር፤ ቁጥሩም ከ500,000 በላይ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ሁለቱ ካርቡራተሮችና የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣበት ብረት በአንድ ጎን የተገጠሙ ሲሆኑ፣ ካርቡራተሮቹ ከላይ፣ የጋለው ብረት ከታች ናቸው። በሞተሩ አናት ላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚሸፍነው ክዳን አለ፤ በክዳኑና በሞተሩ መካከልም ከቡሽ የተሠራ ጉዋርኒሲዮን ይገባል።

ቡሹ በዕድሜ ብዛት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ጥቂት የዘይት ጠብታ ያመልጣል። ጠብታው በሞተሩ ጎን ወርዶ ብዙ መቶ ዲግሪ በጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ይጤሳል፤ ከዚያም ምልክቱ ይጠፋል። ኮፈኑ ሲከፈት ምንም ያልታየው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰዎች ክዳኑ እንዳያፈስ ሁለቱን ዳዶዎች አጥብቀው ያስሯቸዋል፤ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ ክዳኑን አጣሞ፣ ቡሹን ጨፍልቆ፣ ፍሳሹን ያብሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ፍለጋው እንዴት ይከናወናል? አስቀድሞ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ይኸውም በቅርቡ በመኪናው ላይ ምን ተሠራ? ዘይት ሲጨመር የፈሰሰ ጠብታ፣ ወይም አዲስ በተገጠመ የጢስ ቧንቧ ላይ የተቀባ ቅባት ጥቂት ጊዜ ጤሶ ያበቃል። ካላበቃ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ በሚገባ ታጥቦ ይድረቅ፤ የቆሸሸ ሞተር ምስጢሩን አያወጣምና። ከዚያም በተጠረጠረው ሥፍራ ለሕፃናት ገላ የሚሆነውን ነጭ ዱቄት በስሱ ነስንሰው፣ ሞተሩን ጥቂት አሠርተው ያጥፉት። ዘይቱ ባለፈበት ሁሉ ነጩ ዱቄት ይጠቁራል። በባትሪ መብራትና በትንሽ መስተዋት ከኋላም ከሥርም ይመልከቱ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ዘይት የተጠራቀመበት ሥፍራ ሳይሆን፣ ከረጠቡት ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛውና ወደ ፊት የቀደመው ነው።

ነገር ግን ጢስ ሁሉ ከዘይት ወይም ከቤንዚን የሚነሣ እንዳይመስልዎ። በ2010 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ፌራሪ 458 ኢታሊያ የተባሉ አዳዲስና እጅግ ውድ አውቶሞቢሎች በልዩ ልዩ አገሮች በእሳት ተያያዙ። ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የሚገኝ ስለሆነ ብዙዎች ሞተሩን ጠርጥረው ነበር። ምርመራው ሲጠናቀቅ ግን ጥፋቱ የሙጫ ሆኖ ተገኘ። በኋላ እግሮቹ አጠገብ ሙቀትን የሚከላከለውን ሽፋን ያጣበቀው ሙጫ ከመጠን በላይ ሲግል ሽፋኑ ይጣመማል፤ ሙጫውም ሊጤስና ሊቀጣጠል ይችል ነበር። ፋብሪካው 1,248 መኪናዎችን ጠርቶ በሙጫው ፈንታ የብረት ማያያዣ አስገባ። እሳትን ይከላከል ዘንድ የተሠራው ነገር ራሱ የእሳት ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ፖርሽ 911 ጂቲ3 ከተባለው ዓይነት ሁለት መኪናዎች በአውሮጳ ተቃጠሉ። ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ ብሎን ላልቶ ሞተሩን ሰብሮ፣ ያመለጠውም ዘይት ተቀጣጥሎ ነበር። ፋብሪካው የ785 መኪናዎችን ባለቤቶች እንዳይነዱ አሳሰበ፤ በመጨረሻም የሁሉንም ሞተር ለወጠ። መኪናውን የሠሩት ሊቃውንት «አትንዱት» ካሉ፣ እኛ የጢስ ምልክት እያየን «ግድ የለም፣ ቤት ያደርሰናል» ማለታችን ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ስለዚህ ጢስ ባዩ ጊዜ የሚከተለውን ያድርጉ። መኪናውን ዳር አስይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ከእርስዎ ጋር ያሉትን ሰዎች አስወርደው ከመኪናው ያርቁ። ነበልባል ከታየ፣ ወይም የኮፈኑ ቀለም መላጥ ከጀመረ ኮፈኑን አይክፈቱት፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይበረታልና። በተቀጣጠለ ቤንዚንና ዘይት ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ነበልባሉን ይዞ ይዛመታል። የጋለውንም የራዲያተር ክዳን አይንኩ፤ የፈላው ውሃ ፊትን ያቃጥላል። ለቤንዚን እሳት የተሠራ ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ከመቀመጫው አጠገብ ቢኖር መልካም ነው፤ እሳቱ ገና ትንሽ ካልሆነ ግን ከእርሱ ጋር ለመታገል አይሞክሩ። መኪና ይተካል፤ ሰው አይተካም።

የቡሹ ጉዋርኒሲዮን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ ፍለጋውም የአንድ ቀን ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ይህን ትዕግሥት ያላገኘ ጢስ ግን አንድ ቀን ሌላ ዋጋ ይጠይቃል። እንግዲህ ነገ በትራፊክ መብራት ፊት ሲቆሙ ከኮፈንዎ ጠርዝ ቀጭን ነገር ብቅ ቢል፣ ጢሱ መጥፋቱን አይጠብቁ፤ ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቁ።