አገር ወዳዱ ማን ነው?

(ነሐሴ 2007 ዓ.ም. በጭሮ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከሂርናም ከገለምሶም ከበዴሳም የመጣችሁ እንግዶቻችን፤

«መብቱን የሚጠይቅ አገሩን አይወድም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? ይህን የሚለን ካድሬ የተቀመጠባትን ከተማ ታሪክ ቢያውቅ ጥሩ ነበር። ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ አሰበ ተፈሪን ያለሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1923 የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ያ ሕገ መንግሥት የንጉሥ ስጦታ ነበር፤ ስጦታን ደግሞ ሰጪው ሲያሻው ይነፍገዋል። የ1987ቱ ግን ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ ይላል። አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቀጽ 30 ደግሞ መሣሪያ ሳንይዝ በሰላም እንድንሰበሰብ፣ እንድንሰለፍና አቤት እንድንል ይፈቅዳል።

አባቶቻችን ይህ አንቀጽ ሳይኖራቸው ነው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባሉ መሯቸው፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። ልብ በሉ፤ የጠየቁት የአገሪቱ ልጆች መባልን ነው። ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጥተዋል። ዒድና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

እኛስ ምን ጠየቅን? የአህባሽ ሥልጠና በግዳጅ አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዳችን ይሁን፣ አወሊያ ለሕዝቡ ይመለስ። በቃ። ለዚህም 17 ሰዎች ወከልን። ምርጫውን ግን በቀበሌ አደረጉት፣ ወኪሎቻችንንም ሐምሌ 2004 አሰሯቸው። ጥር 2005፣ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እያለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» በቴሌቪዥን ታየ። አንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ይላል፤ ፊልሙን የሠሩት ይህን አላነበቡም መሰለኝ። ባለፈው ሐምሌ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

የተፈረደባቸው በፀረ ሽብር አዋጁ በ652/2001 ነው። ይህ አዋጅ ክስ ሳይመሠረት አንድን ሰው እስከ አራት ወር ለማቆየት ይፈቅዳል። አራት ወር! ለገበሬ የአጨዳው ወራት ሙሉ አለፈ ማለት ነው። ደግሞም ሃይማኖት አይለይም፤ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት የተፈረደበት በዚሁ አዋጅ ነው። ስለዚህ ክርስቲያን ጎረቤታችሁ ሲጠይቃችሁ «የእኛ የሙስሊሞች ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትመልሱት። አስረዱት።

ወጣቶች! በሚያዝያ 2004 አሳሳ ላይ የወደቁትን ስናስብ ደማችን ይፈላል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ለሚቀጥለው ፊልማቸው በነፃ ይተውንላቸዋል። ማንም ሊያስቆጣችሁ ቢሞክር ተቀመጡ፣ ሶለዋት አውርዱ፣ አባቶችን ከፊት አስቀድሙ።

ሕገ መንግሥቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ታትሟል። አንድ ቅጂ ፈልጋችሁ ዛሬ ማታ አንቀጽ 30ን ማንበብ ለማይችሉ አባቶቻችሁ አንብቡላቸው። የፊታችን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ቢጫ ወረቀታችንን ከፍ አድርገን፣ ቃል ሳንተነፍስ እንቆማለን፤ ከዚያም በሰላም ወደየቤታችን እንበተናለን።