ከአንድ እናት ተወልደው ለምን አይተካከሉም?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቡችሎች ነው። ውሻ ባረገዘች በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ከቡችሎቹ አንዱ ደንዳና፣ ሌላው ኮሳሳ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሰው ምን ይላል? «ይኼ አያድግም፣ ጣሉት» ይላል። ቆይ! ከመጣሉ በፊት ምክንያቱን እንወቅ።

በማኅፀን ውስጥ እያንዳንዱ ቡችላ የራሱ እንግዴ ልጅ አለው። ከእናቱ ደም ምግብ የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። የአንዱ እንግዴ ልጅ ብዙ ምግብ ያሳልፋል፤ የሌላው ትንሽ ያሳልፋል። ደግሞም ውሻ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወንዶች ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ የአንዱ አባት ግዙፍ፣ የሌላው አባት ትንሽ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ትንሽ መሆን ብቻውን በሽታ አይደለም። አደጋው ምንድን ነው? ትንሹ ቡችላ ቶሎ ይበርደዋል። ከበረደው መጥባት ያቅተዋል። ትልልቆቹም ከጡት ገፍተው ያስወጡታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እንገር ይጥባ። እንገር ከበሽታ ይከላከልለታል።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ጨርቅ አንጥፉለት። ከበረደው መጀመሪያ አሙቁት፤ ከዚያ ጡት አስይዙት።

ሦስተኛ፣ ብዙ ወተት ያለውን የኋላውን ጡት ስጡት። እሱ እስኪጠባ ትልልቆቹን ለጥቂት ጊዜ ራቅ አድርጉለት።

አራተኛ፣ ግራም የሚለይ ሚዛን ካገኛችሁ በየቀኑ መዝኑት። ክብደቱንም በደብተር ጻፉ። ለምሳሌ ሰኞ 300 ግራም፣ ማክሰኞ 320 ግራም ቢሆን ደኅና ነው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ክብደቱ ከቀነሰ ግን ለእንስሳት ሐኪም ቶሎ አሳዩት። ደኅና የሚያድግ ቡችላ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀኖች ውስጥ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያህል ይሆናል።

እርግጥ ታሞ የሚወለድም አለ። ዓይናችን ግን የታመመውንና ትንሹን አይለይም። ትናንት ስንት እንደነበረም አያስታውስም። የተጻፈ ቁጥር ግን ያስታውሳል። ቁጥር መጻፍ የተማርነው ለዚህ ለዚህ ነው።

«ቀድሞ ከወጣ ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠ» ይባል የለ? ዛሬ ኮሳሳ ያልነው ነገ የደጃችን ጠባቂ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው አትጣሉት፤ መዝኑት፣ ጻፉለት።